ኢራቅ ያለው ዮናታን

በካሊፎርኒያዋ የኤመሪቪል ከተማ ነጻ አውቶቡስ ውስጥ የነበርነው ሾፌሩ፣ የነርስ ልብስ የለበሱ እናት፣ አጠገባቸው ሂጃብ ያደረገች ወሎዬ ወጣት፣ ከኋላቸው ደግሞ ሳያዩኝ የተቀመጥኩት እኔ ነበርን።

ወጣቷ በእናትየዋ ስልክ ላይ የወታደር ፎቶ አየች።

«ልጅዎ ነው፣ እናቴ?»

«ዮናታን ነው። ኢራቅ ነው። እሁድ እሁድ ቸርቻችን ቆሞ ይጸልይለታል።»

«አላህ በሰላም ይመልስልዎት።»

እናትየዋ ስልኩን ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት።

«አንቺ የኛ ቸርች ሰው ስላልሆንሽ ልንገርሽ። ከመጣ ወር አልፎታል። መጋረጃውን ዘግቶ እቤት ተቀምጧል።»

«ቆስሎ ነው?»

«ከአሜሪካ ጦር አባረሩት። ጌይ ነኝ ብሎ ለአለቃው ተናገረ። ዝም ያለውን አይነኩትም፣ የተናገረውን ያስወጡታል። ሕጋቸው እንደዚያ ነው።»

«ታዲያ የቸርቹን ሰዎች ለምን ‹መጣ› አይሏቸውም?»

«መጣ ካልኩማ፣ እንኳን ደህና ገባህ ሊሉ ሶዳና ኬክ ይዘው ቤቴን ይሞሉታል። መቼ ነው የምትመለሰው ይሉታል። እሱ ደግሞ ውሸት አይችልበትም።»

«እንደሚጸልዩለት ያውቃል?»

«እንዴት አያውቅ። ቸርች ልሄድ ስወጣ፣ ‹ኢራቅ ሰላም ነው በያቸው› ይለኛል።»

ወጣቷ ለመውረድ የአውቶቡሱን የደወል ገመድ ሳበች።

«እኔም ዱዓ አደርግለታለሁ። የት ነው ልበል?»

«ቤቱ ነው በይ» አሉ እናትየዋ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

እሁድ ፓስተራችን «ዮናታንን በሰላም ለቤቱ አብቃልን» ሲሉ፣ ከጉባኤው ጋር ቆሜ አሜን አልኩ።