ስም ያልተጻፈበት ቱቦ

ለማንም ያልተናገርኋቸው ሁለት ነገሮች አሉኝ። ዛሬ፣ በጋሽ ኪዳነ ወልድ የጡረታ ሽኝት፣ ሁለቱንም ጽፌ መጥቻለሁ። ቀላሉን ላስቀድም።

ጋሽ ኪዳነ ወልድ ላቦራቶሪያችን የገቡ ዕለት የዋና ሐኪማችን ደም ተቀድቶ ነበር። ያኔ ጽዳት ነበርሁና ቱቦውን እንዳደርስ ተላክሁ። ጋሽ ኪዳነ ወልድ ወደ መስኮቱ አንሥተው አገላብጠው አዩት።

«የማን ነው?»

«የዋና ሐኪሙ።»

«እሱ አልተጻፈበትም» ብለው መለሱልኝ።

እኔ ያኔ ማንበብ ስለማልችል የጎደለውን እንኳ አላወቅሁም። ዋና ሐኪሙ ሌላ ደም ሰጡ። እኔም በኮሪደሩ ስመለስ፣ «ይህ ሰውዬ እስከ መስከረም አይቆይም» ብያለሁ። ሃያ አራት መስከረም ቆዩ። ይቅር ይበሉኝ።

ስም፣ ቀንና ሰዓት የሌለው ናሙና በእጃቸው አላለፈም። በናሙና ቢቀር ደግ ነበር። የምሳ ዕቃቸው ላይ ቀን አለ፤ የስኳር ጣሳቸው ላይ የተከፈተበት ሰዓት አለ። የላቦራቶሪው ባልደረባችን አንዳርጋቸው ከዚያች ጣሳ ሲዘግን እጅ ከፍንጅ የተያዘ ጊዜ፣ «ግድ የለም፣ ጨምር። የወሰድህበትን ሰዓት ግን ጻፍ» ነው ያሉት። አንዳርጋቸውም ጽፏል። ባለቤታቸው እትየ ፅጌ ማርያም ደግሞ ቅድም በር ላይ፣ ከነገ ጀምሮ ድስቶቼ ሁሉ ስም ሊወጣላቸው ነው ሲሉ ሰምቻለሁ።

አሁን ከባዱን ልናገር።

ባለቤቴ አማኑኤል ሥር የሰደደ የደም ካንሰር ነበረበት። በየቀኑ ኪኒኑን እየዋጠ ሦስት ዓመት ደኅና ኖረ፤ በጀልባው ወደ ጣና ገዳማት ሰው ያመላልስ ነበር። እኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ፊደል የለቀምሁት ከእርስዎ ቱቦዎች ላይ ነው፣ ጋሽ ኪዳነ ወልድ። ስለዚህ የተጻፈ ሁሉ እውነት ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ስልኬ ላይ አንድ ገጽ አገኘሁ። ሥር ቀቅሎ መጠጣት ደሙን ያጠራዋል፣ ኪኒኑ ግን ይመርዘዋል ይላል። ብዙ ሰው አመስግኖበታል። አማኑኤልን ኪኒኑን ያስተውሁት እኔ ነኝ።

በቀጠሮው ደሙ ሲታይ ነጭ የደም ሴሉ እጅግ ጨምሮ ተገኘ። እርስዎ ጠሩኝ።

«ፀሐይወርቅ፣ መድኃኒቱን አቋርጧል?»

«አንድም ቀን አላጓደለም» አልሁ።

አመኑኝ። ምርመራውን ሦስት ጊዜ ደገሙት። ማሽኑ ተሳስቶ ይሆናል ብለው ባለሙያ አስጠሩ፤ በዚያ መካከል ሁለት ሳምንት አለፈ። ኪኒኑን በድብቅ መልሼ ሳስጀምረው በሽታው አልመለስ አለ። ከቀብሩ በኋላ፣ ማሽኑን ቀደም ብዬ አስፈትሼው ቢሆን ኖሮ እያሉ ሲያዝኑ ሰምቼ ዝም አልሁ። ሰባት ዓመት ዝም አልሁ።

ጋሽ ኪዳነ ወልድ፣ ማሽንዎ አልተሳሳተም። እርስዎም አልተሳሳቱም።

ያን ዓመት ስልኬን ይዤ መጥቼ፣ እዚህ ላይ እውነቱ ከሐሰቱ በምን ይለያል ብዬ ጠየቅሁዎት። ለምን እንደጠየቅሁ አልጠየቁኝም።

«እንደ ቱቦ ያዥው» አሉኝ። «ማን ጻፈው? መቼ? ከየት አመጣው? ካልተጻፈበት መልሺው። መጨረሻው ላይ የሚሸጥ ነገር ካለ ሁለት ጊዜ መልሺው። ይህን ፈተና ያለፈውንም ቢሆን ሐኪም ሳያየው አትሥሪበት።»

ከሦስት ዓመት በኋላ ወለተ ሚካኤል የምትባል ሴት ባሏን ይዛ ከዱርቤቴ መጣች። በሽታው ያው፣ ስልኳ ላይ ያለውም ያው ሥር። ከጽዳት ከተዛወርሁበት ካርድ ክፍል ወጥቼ አጠገቧ ተቀመጥሁና አብረን አነበብን። የጸሐፊ ስም የለውም። ቀን የለውም። መጨረሻው ላይ የመግዣ ስልክ ቁጥር አለው። «ይሄማ ተመላሽ ነው» አለች ራሷ። ከዚያ ሐኪሞች ስማቸውንና ቀኑን አኑረው የጻፉትን ፈልገን አወጣን፤ ለባሏ ሐኪም አሳየቻቸው፣ የሚሆነውን እሳቸው አመለከቷት። ሰውየው ኪኒኑን አልተወም። ባለፈው ወር ለምርመራ መጥቶ ነበር፤ ከመወፈሩ የተነሣ የካርድ መስኮታችሁ ጠበበኝ ብሎ ቀለደብኝ።

እርስዎና እኔ አብረን የፈተሽናቸው ገጾች ዝርዝር እዚያው መስኮት ላይ ተለጥፏል። ከእንግዲህ በየሦስት ወሩ የምፈትሸው እኔ ነኝ። ቀኑንም እጽፍበታለሁ፣ አይሥጉ።

በሉ፣ ብርጭቋችሁን አንሡ። የጋሽ ኪዳነ ወልድ ብርጭቆ ስም አለበትና እንዳትሳሳቱ። ጡረታዎ እንደ ጣና ማለዳ የረጋ ይሁን። ጤናዎ አይጓደል፤ ከእትየ ፅጌ ማርያም ጋር በዳርቻው ስትመላለሱ ለብዙ ዘመን እንያችሁ። ስለ እርስዎ።

እነዚህን ያነበብኋቸውን ወረቀቶች አሁን አስረክብዎታለሁ። እንዳይመልሱብኝ ብዬ ራስጌያቸው ላይ ጽፌባቸዋለሁ። ስም፦ ፀሐይወርቅ። ቀን፦ ሰኔ ሠላሳ። ሰዓት፦ ከቀኑ ዘጠኝ። ተቀባይ፦ ኪዳነ ወልድ።