ለአባቴ ዓይን የመረጥኩት ማንበቢያ

እንደዚያን ቀን ተጨንቄ ዕቃ ገዝቼ አላውቅም። ደሴ ነው፤ ለአባቴ የኤሌክትሮኒክስ መጽሐፍ ማንበቢያ ልገዛ ሱቅ ገብቼ ሻጩ የንባብ ልማዳቸውን ጠየቀኝ። ቄስ ናቸው፣ ጠዋት ጠዋት ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ዳዊት ይደግማሉ፣ ዓይናቸው ትንሽ ደከም ብሏል አልኩት። ፀሐይ ላይ የማያንጸባርቅ፣ ፊደሉ የሚጎላውን መረጥኩ። ዳዊቱን ጫንኩበት፤ ሲመኙት የኖሩትን ገድልና ድርሳንም ጨመርኩበት። አባቴ ወደሚኖሩበት ገነተ ማርያም ወስጄ ስሰጣቸው "ቤት ሙሉ መጽሐፍ ነው" አልኳቸው።

በማግስቱ ጠዋት ድምፃቸውን ሰምቼ ደስ እያለኝ ወደ ደጅ ወጣሁ። አንድ ቃል ሳይስቱ ይደግማሉ፤ ማንበቢያውን ግን የያዙት ዘቅዝቀው ነው። የቆዳ ዳዊታቸውን ላይና ታቹን በዳሰሳ ያውቁታል፤ የእኔ ዕቃ በየትም በኩል ልሙጥ ነው። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ልስቅ ነበር። ከዚያ ዓይናቸውን አየሁት፤ ፊደል አይከተልም።

"አባ፣ ይታይዎታል?"

"ቁልጭ ብሎ። ይባርክህ ልጄ።"

"ተዘቅዝቋል እኮ።"

ከእጃቸው ተቀብዬ አቀናሁትና አንዲት ቃል ገጹን እስክትሞላው ድረስ ፊደሉን አጎላሁት።

"አሁንስ?"

"ጥላ ነው" አሉኝ። "ፊደል ከራቀኝ ቆየ። ዳዊቱ በቃሌ ስለሆነ ማንም አላወቀብኝም።"

ማንበቢያውን መልሰው ተቀበሉኝና መስታወቱን በመዳፋቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉት።

"ቤት ሙሉ ነው አላልከኝም?"

"አዎ አባ፣ ገድሉም ድርሳኑም እዚህ ውስጥ ነው" አልኳቸው።