የኤርሜሊንዳ የተርብ መድኃኒት

ሚንዶ መንደር ላይ ዝናቡ እንዳባራ ኤርሜሊንዳ ግቢዋ ውስጥ ለኮሊብሪዎቿ፣ ለእነዚያ የአበባ ወለላ ለሚመጡ ጥቃቅን ወፎች፣ መጠጫቸው ላይ የስኳር ውሃ ትሞላለች። ጎረቤቷ ዞይላ ሙዝ ልትዋስ መጥታ፣ የተሰጣትን ታቅፋ ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች። ከቀርከሃው አጥር ማዶ የኤርሜሊንዳ አበልጅ ልብስ ታሰጣለች። ኤርሜሊንዳ ወደ አጥሩ ቀና ብላም አላየች፤ ድምጿን ብቻ ከፍ አደረገች።

«ዞይላዬ፣ ጉልበትሽ ተሻለሽ? እሰይ! እኔማ ዛሬ ደስ ብሎኛል፤ ተርቡ ለቀቀኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ወፎቼን ሲያባርር ከረመ። ኋላማ ወፎቼን ሊያይ ከፍሎ የመጣ አንዱን እንግዳ ዓይኑ ሥር ነድፎት፣ ‹የኤርሜሊንዳ ግቢ የተርብ ጎጆ ነው› ተባለ... ማን እንዳለ እንጃ! ደግነቱ እንግዶቼ ሜዳ ላይ አልወደቁም፤ እዚሁ ጎረቤት እጇን ዘርግታ የተቀበለቻቸው አለች። እንዲህ ያለ ሰው ዛሬ የት ይገኛል?

ያውም መጥታ አጽናናችኝ እኮ! ‹መጠጫው አፍ ላይ ዘይት ቀቢበት፣ ተርቡን ያንሸራትተዋል› አለችኝ። ቀባሁ። ልጄን ክርስትና ያነሳች ሰው ትሳሳታለች? በማግሥቱ ያቺ አረንጓዴዋ፣ ትንሿ፣ ክንፏ በዘይት ተጣብቆ መዳፌ ላይ...»

ኤርሜሊንዳ ማንቆርቆሪያውን አስቀምጣ እጇን በሽርጧ ጠረገች።

«ተዪው። እሷ ምን ታድርግ? ያሰበችው ለተርቡ እንጂ ለወፏ አይደለም።

ዘይቱን በሙቅ ውሃ ሳጥብ ግን ከመጠጫው ሥር ምን ባገኝ ጥሩ ነው? ማር! የጣት ምልክት ያለበት ማር። እኔ ቤት ደግሞ ማር ገብቶ አያውቅም። ‹ማር ሲሰፍሩ ማር ይናገሩ› ይባላል... ማር ሲቀቡስ ምን ይናገሩ ኖሯል? ‹ዝንብ ቢሰበሰብ ድስት አይከፍትም› ይላሉ ደግሞ፤ የሚከፍትለት ካለስ? ኧረ እኔ ማንንም አልጠረጠርኩም እቴ! ንብ ይሆናላ... ንብ ጣት ካበቀለች።

መድኃኒቱን ልንገርሽ? የመጠጫውን ቢጫ ቢጫ ጌጥ ነቅዬ ጣልኩ፤ ተርብ ቢጫ ይወዳል። የሚያንጠባጥበውን ጠርሙስ ትቼ ባለ ክዳን ጠፍጣፋ ሳህን ሰቀልኩ። ውሃው ከቀዳዳው ዝቅ ያለ ነው፤ ኮሊብሪ ምላሱ ረጅም ስለሆነ ይደርሳል፣ ተርብ አይደርስም። ምላስ መርዘሙ ለበጎም ይሆናል ለካ! በተርቡም አልጨከንኩም። ወፈር ያለ የስኳር ውሃ በድስት ክዳን አድርጌ፣ ከወፎቹ አርቄ አስቀመጥኩለት... እዚያ፣ አጥሩ ሥር። ጠግቦ ወዲያ ማዶ ቢሻገር እኔ ምን ላድርግ? ተርብ አጥር ያውቃል?»

ከአጥሩ ማዶ የልብስ መቆንጠጫ ሲበተን ተሰማ። ዞይላ አንገቷን ደፍታ ሙዟን ትቆጥራለች።

«ቂም እንዳይመስልሽ። ዛሬ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ሻማ አብርቼላታለሁ። ሌላ ምን እመኝላታለሁ፣ ዞይላዬ? ልብ የሚያየው አምላክ... እንደ ልቧ ይስጣት!»