«ዓይን!» ማለት አያድንም

ድፍረትና ድንቁርና አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰው ሲመጡ ሰው ሁሉ ይምታታበታል። እኔ ግን እለያቸዋለሁ። ድፍረት ይጠይቃል፤ ድንቁርና «ተይኝ፣ አውቃለሁ» ይላል። ይህን ያስተማረኝ ትምህርት ቤት አይደለም፤ የትምህርት ቤት በር ገና በልጅነቴ ተዘግቶብኛል። የሞተ ሬዲዮና ስልክ እየፈታሁ፣ እያቃጠልኩ፣ ያገኘሁትን ሁሉ እያነበብኩ ራሴን ያስተማርኩ ሴት ነኝ። በዚህም እኮራለሁ። የሚያፍርብኝ ካለ በራሱ ይፈር።

አንድ ቀን ለጥገና የሚሆነኝን ሽቦ ልገዛ ወደ ኤሌክትሮኒክስ ዕቃ መሸጫ ጎራ አልኩ። ባለሱቁን «ሁሉ አለ» እንለዋለን፤ የሌለውን ዕቃ እንኳ «አለ» ብሎ ሌላ ነገር ጠቅልሎ ይሰጣልና። ባንኮኒው ፊት ጀርባቸውን ሰጥተውኝ የቆሙ፣ ቱታቸው በብየዳ ፍንጣሪ የተበሳሳ ሽማግሌ ነበሩ። ድምፃቸውን ስሰማ አወቅኋቸው፤ የእናቴ ወንድም ናቸው።

«ይኼኛውስ ይሠራል ወይስ እንደ ወንድሞቹ ይሞትብኛል?» ይላሉ።

«ጋሼ፣ ይኼ ፈረስ ነው! ብቻ ባትሪውን ጠንከር ያድርጉለት» ይላል ሁሉ አለ።

«እንደምን ዋሉ ጋሼ? ደግሞ ማን ሞተ?» አልኳቸው።

ዞር ብለው ሳቁ። «ዲግሪ የሌላት ኢንጂነራችን መጣች! ሰውስ አልሞተም፤ ሁለት ሌዘር ነው የሞተብኝ።»

በመዳፋቸው ላይ የጣት ጫፍ የምታክል፣ ናስ የምትመስል ነገር ነበረች። ሌዘር ዳዮድ ናት፤ ያውም በጨረሯ እንጨት የምታከስል፣ ጨርቅ የምትቆርጥ ብርቱ ዓይነት።

«ይህን ለምን ፈለጉት?»

«ለባለቤቴ፣ ለእትዬሽ ነዋ። ለተማሪዎች ደረት የሚለጠፍ አርማ ትሰፋለች። በመቀስ ስትቆርጥ ጣቷ አበጠ። ይኼ በብርሃን ይቆርጠዋል፣ ጠርዙም አይተረተርም። የእኔ ብየዳ እንደሆነ ቀዝቅዟል፤ ሰው ሁሉ ተሠርቶ ያለቀ በር እየገዛ ነው። እና እጄን አጣጥፌ ልቀመጥ?»

ሐሳባቸው የደግ ባል ሐሳብ ነው። ደግ ሐሳብ ግን የኤሌክትሪክ ሕግ አይሽርም።

«በምን አስነሱት?»

«በመኪና ባትሪ። ሁለቱን ገመድ ነካ ሳደርግ ቦግ አለ፤ ጥቂት ቀንም ነካ ለቀቅ እያደረግሁ ሞከርኩት። ከዚያ ድርግም!»

«ድርግም ባይል ነበር የሚገርመኝ። ጋሼ፣ ይህ አምፖል አይደለም። አምፖል ድርሻውን ወስዶ ይቆማል። ይህ ግን ሲሞቅ ይበልጥ ይጠጣል፤ ይበልጥ ሲጠጣ ይበልጥ ይሞቃል፤ እስኪሞት ድረስ በቃኝ አያውቅም። ከረንቱን መጥኖ የሚሰጠው ድራይቨር ያስፈልገዋል። ከጀርባው ሙቀቱን የሚስብለት አሉሚኒየምና ማራገቢያ ያስፈልገዋል። ባትሪ ማጠንከር ማለት ለሰካራም በጠርሙስ ፋንታ በርሜል ማቅረብ ነው።»

«ድራይቨርም አለ!» አለ ሁሉ አለ።

«ታዲያ ሁለቱ ሲቃጠሉባቸው ለምን አልነገርካቸውም?»

«አልጠየቁኛ!»

ደሜ ፈላ። እንዲህ ያለ ነጋዴ ለታመመ ሰው ግማሹን መድኃኒት ሸጦ ሌላውን ግማሽ ከባንኮኒ ሥር ይደብቃል፤ ከዚያም «አልጠየቀኝም» ይላል።

«መነጽርስ ሸጠህላቸዋል?»

«እንዴታ! ይኸው» ብሎ ጥቁር መነጽር ዘረጋልኝ። ገልብጬ አየሁት። ቁጥር የለው፣ ጽሑፍ የለው። ጎረምሳ ሁሉ መንገድ ዳር የሚገዛው የፀሐይ መነጽር ነው።

«ይህ ስንት ናኖሜትር ይከለክላል?»

«ጥቁር ነው አይደል እንዴ?»

«ጥቁርነት ቢበቃማ ከሰል በዓይናችን ላይ እናስር ነበር! ጋሼ፣ ይስሙኝ። ሌዘር ሁሉ የየራሱ ቀለም አለው፤ መነጽሩም ለዚያው ቀለም የተሠራ መሆን አለበት። የእርስዎ ሰማያዊ ነው፤ የቀለሙ ቁጥር በናኖሜትር አራት መቶ አርባ አምስት ገደማ። መነጽሩ ላይ ይህ ቁጥርና ጨረሩን ምን ያህል እንደሚያዳክም ካልታተመበት ጌጥ ነው። ይህ ደግሞ ከጌጥም ይከፋል። ሲጨልምበት የዓይን ብሌን ይሰፋል፤ እንግዲያው ለሌባው በሩን ራስዎ ከፈቱለት ማለት ነው።»

አጎቴ መነጽሩን ወደ ባንኮኒው ገፋ አደረጉት። «መጀመሪያስ ማን ሊያደርገው! መነጽር የፈሪ ነው። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ እሳት ሲፈነጥቅብኝ ኖሬያለሁ። የእኔ መነጽር አንዲት ቃል ናት።» ከዚያም ድንገት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ዓይን!» አሉ።

ሱቅ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ዓይኑን ጨፈነ። በያጅ ኤሌክትሮዱን ከብረቱ ጋር ሊያጋጥም ሲል «ዓይን!» ይላል፤ የሰፈራችን ሰው በዚያ ጩኸት ያደገ ነው። ይበልጥ ያናደደኝ ደግሞ፣ እኔም ጨፍኜ ነበር።

«አየሽ?» አሉ እየሳቁ። «ያንቺ መጽሐፍ ይህን ያስጨፍናል? በእኔ ቤት ዓይኑ የጠፋ ሰው የለም።»

«ይህን ነገር የት ነው የሚሠሩበት?»

«ቤት ነዋ። እትዬሽ የምትሰፋበት ክፍል።»

ሳቁ ከጆሮዬ ጠፋ። ያን ክፍል አውቀዋለሁ፤ ያደግሁት እዚያ ነው። እናቴ ስትሞት የወሰደችኝ የአጎቴ ሚስት፣ እትዬ፣ በስፌት ነው ያሳደገችኝ። በመስኮቱ በኩል የስፌት መኪናዋና ወንበሯ አሉ። ትይዩ ካለው ግድግዳ ላይ ደግሞ ደንበኛ ልብሱን ለክቶ የሚያይበት፣ ከወለል እስከ ሰው ራስ የሚደርስ መስታወት ቆሟል። በመስታወት ቤት ውስጥ ሌዘር!

ዳዮዱን፣ ድራይቨሩንና አሉሚኒየሙን አስጠቅልዬ «ይምሩኝ» አልኳቸው።

እትዬ በወንበሯ ላይ ነበረች። አጎቴ ከጠረጴዛ ላይ የበየዱትን ማቆሚያ በኩራት አሳዩኝ። ዳዮዱ የሚታሰርበት ጉሮሮ ፊቱ ወደ መስታወቱ ዞር ወዳለ አንድ የቆመ ላሜራ አነጣጥሯል፤ አርማው የሚሰካው እዚያ ላይ ነው።

«ላሜራውን እንደ ብር ወልውዬዋለሁ» አሉ። «ሌንሱንም አስተካክዬዋለሁ፤ ጨረሩ ሳይሰፋ ክፍሉን ያቋርጣል። ባለፈው ከወዲያኛው ግድግዳ ክብሪት ለኮስኩበት!»

«እትዬ፣ እሳቸው ይህን ሲሠሩ አንቺ የት ነሽ?»

«እዚሁ ነኛ፤ ሥራዬን ትቼ ወዴት ልሂድ? ‘ዓይን’ ሲሉ እጨፍናለሁ። መርፌ በእጄ ከሆነ ግን አንዳንዴ እዘገያለሁ» አለች፣ ስለ ዝናብ እንደምታወራ ሁሉ ቀለል አድርጋ።

ትሕትናዬ እዚያ ላይ አለቀ።

«ጋሼ፣ ታላቄ ነዎት፣ አከብርዎታለሁ። ግን ይህ ሥራ ነው ወይስ በሚስትዎ ዓይን መጫወት?»

«አፍሽን ሰብስቢ! ጨረሩ የሚሄደው ወደ ላሜራው ነው፤ እሷ ያለችው ከኋላ። ከጠመንጃ ኋላ የቆመ ሰው ይመታል?»

«ጥይት ከመስታወት አይመለስም፤ ብርሃን ይመለሳል። ጨርቁ ሲበሳ ጨረሩ የወለወሉት ላሜራ ላይ ያርፋል፤ ከላሜራው ወደ መስታወቱ፣ ከመስታወቱ ደግሞ የት እንደሚሄድ ያውቃሉ?»

«ቢመለስስ! ከመድረሱ በፊት እጮሃለሁ።»

«ጩኸትዎ በጆሮ ይገባል፣ እሱ በዓይን ይገባል። የቱ ይቀድማል? ሰው ዓይኑን እስኪያርገበግብ እሱ ሥራውን ጨርሶ ወጥቷል።»

«የብየዳ ብርሃንም ዓይን ያቃጥላል። ስንቴ አቃጥሎኝ ድኛለሁ!»

«ልዩነቱን ልንገርዎት። ብየዳ ሲመታዎ ሲመሽ አሸዋ እንደገባበት ይቆረቁራል፣ ያስለቅሳል። ስለሚያምም ያስተምራል። አጉሊ መነጽር የፀሐይን ብርሃን ሰብስቦ ወረቀት ሲያቃጥል አይተዋል አይደል? ዓይናችን ራሱ አጉሊ መነጽር ነው፤ ጨረሩን ሰብስቦ ከዓይን ጀርባ ካለው ስስ ሽፋን ላይ ይጥለዋል። ያ ሽፋን ደግሞ ሕመም አያውቅም። ሳይቆረቁር፣ ሳያስለቅስ ዝም ብሎ ይሞታል። አንዴ ከሞተም አይመለስም።»

አጎቴ ወደ መስታወቱ ዞር ብለው አዩ። ወዲያው ግን ኩራታቸው ቀሰቀሳቸው። «ይኼ የንባብ ወሬ ነው። የእኔን ቤት ያየ መጽሐፍ የለም።»

«እንግዲያው ቤትዎን እንጠይቀው። ከተሳሳትኩ ምላሴን ቆርጬ እሰጥዎታለሁ።»

«የአንቺ ምላስ ምን ያደርግልኛል? የሚቀመጥበት ቦታም የለኝ» አሉ። እትዬ እንኳ ሳቀች። ግን እሺ አሉ።

ዳዮዱን ከአሉሚኒየሙ ጋር አጥብቄ አሰርኩት፤ ድራይቨሩን አያያዝኩ፤ ከረንቱን ከዳዮዱ መጠን ዝቅ አድርጌ መጠንኩ። ከእትዬ ቁርጥራጭ አንድ ጥቁር ጨርቅ አንስቼ፣ ስትሰፋ ፊቷ በሚሆንበት ከፍታ በወንበሩ ላይ ወጠርኩት። መስኮቱን በመጋረጃ ሸፈንኩ፣ ባልዲ ውኃ አስቀረብኩ። የማብሪያውን ገመድ አስረዝሜ በደጃፍ አወጣሁና ሁላችንም ወጥተን በሩን ዘጋን።

«አሁን ‘ዓይን’ ይበሉ» አልኳቸው። «ክፍሉ ይስማዎት።»

ገላመጡኝ፤ አላሉም። ማብሪያውን ለአንድ ትንፋሽ ያህል ተጭኜ ለቀቅሁ። ገመዱን ከምንጩ ነቅዬ በሩን ከፈትኩ።

የጨርቅ ጭስ ሸተተን። ከጥቁሩ ጨርቅ ላይ፣ ልክ እትዬ ቀና ብላ ደንበኛ በምታይበት ከፍታ፣ ጠርዙ ገና ቀይ የሆነ ቀዳዳ ነበር። እትዬ ውኃ ጠብ አደረገችበት። ከዚያ ጣቷን አሾለከችበትና ከወዲያ በኩል አየችው።

«እዚህ ነው የምቀመጠው» አለች ለራሷ። «ዓይኔ እዚህ ነው የሚያርፈው።»

አጎቴን ለመስደብ ብዙ ቃል አዘጋጅቼ ነበር። ቀና ስል ግን በመዳፋቸው ግራ ዓይናቸውን ከድነው ጨርቁን ያያሉ። ከዚያ ቀኙን ከደኑ። መልሰው ግራውን።

«ጋሼ?»

«በግራው አየዋለሁ» አሉ፤ ድምፃቸው የሌላ ሰው መሰለኝ። «በቀኙ ስመለከት... ጨርቁ አለ። ቀዳዳው የለም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«የመጀመሪያዋ ሌዘር ቦግ ካለች ቀን። ያየሁት ምስማር አናት ይጠፋብኛል። ድካም ነው ብዬ...»

«ድካም?» አለች እትዬ። እንዲህ ስትጮህ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቻት አላውቅም። «ዓይንህ ጠፍቶ ለእኔ አልነገርክም? በማግስቱም እኔን እዚህ አስቀምጠህ ለኮስከው? የእኔ ሲጠፋ ምን ልትለው ነበር፣ እርጅና? መርፌ ማየት ካልቻልኩ እኔ ማን ነኝ? ያቺን ቃልህን ከእንግዲህ በዚህ ቤት እንዳልሰማት!»

አንተ አለቻቸው፤ እሳቸውም አልተቆጡም። በወንበሯ ላይ ቁጭ ብለው ጨርቁን በእጃቸው ያዙ።

በማግስቱ ሁለቱንም ወደ ዓይን ሐኪም ወሰድኳቸው። የእትዬ ዓይን ንጹህ ሆኖ ተገኘ፤ እግዜር ጠበቃት እንጂ ባሏ አልጠበቃትም። የአጎቴ ቀኝ ዓይን ግን ከጀርባው ካለው ስስ ሽፋን መሃል ላይ ትንሽ ጠባሳ አለው። ሐኪሟ «ይህ አይመለስም፤ የቀረውን ይጠብቁ» አለቻቸው። ስንመለስ ከቤታቸው ደጃፍ ላይ «ነገሩን ልተወው?» ብለው ጠየቁኝ። ጠየቁ! ከእሳቸው አፍ የምክር ጥያቄ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

«መተውማ የሰነፍ መፍትሔ ነው» አልኳቸው። «እሳትንም እኮ አልተውነውም፤ ምድጃ ሠራንለት። ለዚህም ቤት ይሥሩለት። ብረት የሚያውቅ ሰው እርስዎ ነዎት።»

ሠሩለትም። ዙሪያውን በላሜራ የተዘጋ፣ ብርሃን የሚያሾልክ ስንጥቅ የሌለው ሣጥን ነው። ውስጡን አብረቅራቂ ባልሆነ ጥቁር ቀለም ቀቡት። ክዳኑ ላይ እኔ ማብሪያ ገጠምኩ፤ ክዳኑ ሲከፈት ከረንቱ በራሱ ይቋረጣል። ቁልፍ አለው፤ ቁልፉ በእትዬ አንገት ላይ ነው። ጭሱን ማራገቢያ በቱቦ ወደ ውጭ ያወጣዋል፤ ሰው ሠራሽ ቆዳና የማይታወቅ ፕላስቲክም አይገባበትም፣ ጭሱ መርዝ ነውና። ሲሠራ አጎቴ ከአጠገቡ አይለዩም፤ አሸዋ የሞላ ባልዲ ከሥሩ አለ። ለጥገና ሲከፈት ደግሞ ቁጥሩ የታተመበትን ትክክለኛ መነጽር ሁላችንም እናደርጋለን። በስፌት ክፍሉም አልተቀመጠም፤ ወደ ብየዳው ቤት ተዛወረ።

ትርፉን ላልገባው ሰው ልንገረው። ድራይቨር የተገጠመለት ዳዮድ ከዚያ ወዲህ አልሞተም። የእትዬ ጣት እብጠቱ ጎደለ፤ አርማዎቿ ጠርዛቸው ስለማይተረተር ሥራ በዝቶላታል። ሣጥኑን ያየ ሰው ሁሉ «ለእኔም ሥሩልኝ» ሲል የቀዘቀዘው ብየዳ ሞቀ። አንድ ቀን ሁሉ አለ ራሱ መጣ።

«ጋሼ፣ ሣጥን ስጡኝና ከሌዘሩ ጋር ልሽጠው» አለ።

አጎቴ ያን ጥቁር መነጽር ከኪሱ ላይ ሰኩለት። ለካ ባንኮኒው ላይ አልተዉትም ኖሯል።

«አንተ፣» አሉት፣ «እሰጥሃለሁ። ግን ሌዘር ሊገዛ የመጣ ሰው ባይጠይቅህም ትነግረዋለህ። ድራይቨሩን፣ መነጽሩን፣ ሣጥኑን፣ ሁሉንም ትነግረዋለህ። አልነገርከውም ሲባል ከሰማሁ ይህን ዓይኔን ይዤ ሱቅህ በር ላይ እቆምና ለደንበኛህ ሁሉ አሳያለሁ።»

ሁሉ አለ «እሺ» አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ «አለ» ሳይል።

ባለፈው ሳምንት እትዬ ክር ልታሾልክ መርፌዋን ይዛ ብየዳው ቤት ደጃፍ ተቀምጣ ነበር። አጎቴ አርማውን ሰክተው ክዳኑን ዘጉ። እጃቸው ማብሪያው ላይ ሲደርስ የዕድሜ ልክ ልማድ አፋቸውን አስከፈተው፤ ቃሏ ከጉሮሯቸው ጫፍ ደረሰች። ወደ ሚስታቸው ዞር ብለው አዩና መልሰው ዋጧት። ሣጥኑ እንደ ንብ ማጉረምረም ጀመረ። እትዬ ሁለት ዓይኖቿን እንደ ከፈተች ክሩን አሾለከች፤ ቀና ብላም አላየችው።