እጅጌው እስኪያጥር

ግቢ እህቴ፣ ግቢ። በሩን ገፋ አድርጊው፣ ዝናብ ሲመታው ያብጥና ይይዛል። የልጅሽን ዩኒፎርም ነው ያመጣሽው? እዚያ ጠረጴዛ ላይ ጣል አድርጊው፣ እጄ ላይ ያለውን እንደጨረስኩ አየዋለሁ። ልጆቹ ደህና ናቸው? እናትሽስ፣ ያ ጉልበታቸው ተሻላቸው? ተመስገን ነው። ተቀመጪ እንጂ፣ ምን ያስቆምሻል... ጋሼ ትንሽ ጠጋ ይሉልሻል። አይደል ጋሼ? አግዳሚው ለሁላችንም ይበቃል።

እጄ ላይ ያለው የእሳቸው ጃኬት ነው። እስቲ ጨርቁን ዳሰስ አድርጊው። ጀርባው ላይ በወርቃማ ክር «የሻምፒዮኑ ቡድን» ተብሎ ተጠልፏል፤ ከሥሩ ደግሞ «የስልት አማካሪ»። ማዕረግ ነው እንግዲህ። ብቻ የሁሉንም ጃኬት በሻምፒዮኑ ልክ ነው መሰለኝ ያሰፉት፣ ጋሼ ሲለብሱት እጃቸው ጠፋ። እኔ የጋሼን ትከሻ አውቀዋለሁ፤ ቀኙ ዝቅ ይላል። ስንት ዓመት የጡጫ መቀበያ ይዘው ሲመቱበት የኖሩ ናቸው፤ የማን ጡጫ እንደሆነ ተይው። ሌላ ልብስ ሰፊ ቢነካው ያበላሽባቸዋል፣ ስለዚህ ወደ እኔ አመጡት። ወደ እኔ... ምን ነውር አለው? ሥራ ሥራ ነው።

ወንድሜ? ደህና ነው። ቅዳሜ አይደል ከከባድ ሚዛን ሻምፒዮኑ ጋር የሚጋጠመው። ሰፈሩ የሚለውን ሰምተሻል መቼም። ጋዜጣው «ሲሚንቶ ተሸካሚው» ብሎ ነው የጻፈው፣ ለስሙ ቦታ አልተረፈውም። ፀጉር አስተካካዩ ከሁለተኛው ዙር አያልፍም ብሎ ይምላል። ሥጋ ሻጩ ደግሞ ደግነቱ በዝቶ እስከ ሦስተኛው አደረሰልን። ድሮ የወደቀ ግንድ ነበር ምሳር የሚበዛበት፤ አሁን ሰው ሥራ ወዳድ ሆኗል፣ እስኪወድቅም አይጠብቅ።

ሻምፒዮኑንማ ማን ይችለዋል? አንድም ቀን ተሸንፎ አያውቅም። ያሸነፋቸውን ሰዎች ፎቶ ደርድረው በቴሌቪዥን ሲያሳዩ አየሁ፤ ግማሾቹ የእኔን አባት ያህላሉ፣ ነፍሳቸውን ይማርና። ጊዜ የሰጠው ቅል... ውይ፣ ምን ነካኝ። ተረቱ ነው ቅል ያለው፣ እኔ አይደለሁም።

ብቻ ይኸን ጃኬት ስሰፋ አንድ ትልቅ ሰው ትዝ አሉኝ። አንቺ አታውቂያቸውም። እንደ እሳቸው ያለ ደግ ሰው አይቼ አላውቅም። አንድ እናት አባት የሌለው ልጅ ነበር፤ ከእህቱ በቀር ማንም የለው። እህቱ ልብስ ሰፊ ናት መሰለኝ። እኚህ ሰው ልጁን ገበያ ውስጥ ሲደባደብ አዩትና ወደ ጂም ወሰዱት፣ «ከዛሬ ጀምሮ ልጄ ነህ» አሉት። ልጁ አመነ። ምን ያድርግ፣ ልጅ ነዋ። እህቲቱስ? እሷ እንኳ ትልቅ ሰው ነበረች፣ እሷን ምን ነካት?

እሑድ እሑድ እህቲቱ ቤት ምሳ ይበሉ ነበር። ሲበሉ ደግሞ ያምርባቸዋል፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ሰሃን አያሳፍሩም። ልጁ ግን አይበላም። አጠገባቸው ተቀምጦ ውሃውን በጉንጩ ይዞ ይተፋል። ለምን አትዪኝም? ሚዛን ነዋ። «ከባድ ሚዛን ከገባህ ይገድሉሃል፣ ቀንስ» ይሉታል። ያን የሚያህል አጥንት ያለውን ልጅ። አሳቢ ስለሆኑ ግን ብቻውን አልተዉትም፤ እሱ የቀነሰውን ሁሉ እሳቸው በሉለት።

እና ሦስተኛው ዙር ላይ ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል። ሁለት ቀን ውሃ ያልቀመሰ ሰው ጉልበት ምን ያድርግ እህቴ? እሳቸው ከሪንጉ ጥግ ሆነው ያዩና ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። «ልቡ ትንሽ ነው፣ ይፈራል» ይላሉ። ረሃቡን ፍርሃት አሉት። ዕድሜውን ሁሉ ቡጢ ውስጥ የኖረ ሰው እንዴት ይኸን ይሳሳታል ትያለሽ? ኧረ እሳቸው አይሳሳቱም፤ የተሳሳተችው አብሳይዋ ናት።

ከዚያ አንድ ጠዋት ልጁ እንደ ልማዱ ቦርሳውን አንግቦ ጂሙ በር ላይ ቆመ። ቁልፉ ያለው እሳቸው ጋ ነው። ቆመ፣ ቆመ... መጨረሻ ላይ የጎረቤቱ መጋዘን ጥበቃ አዘነለትና «አልሰማህም እንዴ? በሬዲዮ ተናገሩ እኮ፣ ወደ ሻምፒዮኑ ሄደዋል» አለው። ደውለው ቢነግሩት ምን ነበር? እንዳይከፋው ብለው ነው። በሬዲዮ ሲሆን ከአገሩ ሁሉ ጋር እኩል ይሰማል፣ ብቸኝነት አይሰማውም። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም ይባላል፤ ሰው ደግሞ ድግሱን ሳይበላ አይጣላም።

ደግሞ በሬዲዮው ስለ ልጁ ሲጠየቁ መች ደበቁ? «ጡጫ አለው፣ ልብ የለውም፤ ሦስተኛው ዙር ላይ ይታጠፋል» አሉ። ፀጉር አስተካካዩም ሥጋ ሻጩም የሚያወሩት እኮ ከዚያ የሰሙትን ነው። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይላሉ... ሰው ግን ከውሻ ይሻላል፣ ነገን ያስባል። በሚበላበት ነው የሚጮኸው።

ጋሼ፣ ምነው ተነሡ? ዝናቡ እኮ አላባራም። አንድ እጅጌ ነው የቀረኝ፣ በአንድ እጅጌ ደግሞ አይወጣም። ይቀመጡ። እኛ የሰው ወሬ ነው የያዝነው፣ እርስዎን አይመለከትም።

ምን ላይ ነበርኩ? አዎ፣ ልጁ። ያን ቀን ቤት ገብቶ ቦርሳውን ሳያወርድ አለቀሰ። እናታችን... እናቱ ስትቀበር እንኳ አላለቀሰም ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ግድግዳ ሲያይ ከረመ። ከዚያ እህቱ ሰሃን አቀረበችለት። ቀንስ የሚል ሰው የለ፣ በላ። በማግስቱም በላ። ሸሚዙ ጠበበው፣ አሰፋችለት። እንደገና ጠበበው፤ ከስፌቱ ውስጥ የሚለቀቅ ጨርቅ ሲያልቅባት ጎንና ጎኑ ላይ ሌላ ቀጠለችበት። አሁን ሲገባ በሩ ይጨልማል። ልምምድ ላይ አብረውት የሚጋጠሙት ከባዶቹ ስድስተኛው ዙር ላይ ወንበር ይለምናሉ፣ እሱ ቆሞ ይጠብቃቸዋል። ይኸን ለሻምፒዮኑ ቡድን ሄጄ ብነግራቸው ያምኑኛል? አያምኑኝም። አማካሪ አላቸዋ።

ቅዳሜ ደግሞ አንድ ደንብ አለ፣ ሰምተሽ ታውቂ እንደሆነ። ቦክሰኛ ጓንት ከማጥለቁ በፊት እጁ በፋሻ ሲጠቀለል ከተጋጣሚው ወገን አንድ ሰው መልበሻ ክፍሉ ገብቶ ቁጭ ብሎ ያያል፤ ፋሻው ውስጥ ጠጣር ነገር እንዳይደበቅ ነው። ከሻምፒዮኑ ወገን ማን የሚመጣ ይመስልሻል? እኚያው ደጉ ሰውዬ። ራሳቸው ናቸው አሉ «እኔ ልሂድ» ያሉት። ያሳደጉት ልጅ አታላይ እንዳይሆን ተጨንቀው እኮ ነው፤ አባት አይጨነቅም? ያን እጅ ስንት ዓመት ራሳቸው ሲጠቀልሉት ኖረዋል። አሁን ፊት ለፊቱ ወንበር ይሰጣቸውና ሌላ ሰው ሲጠቀልለው ያያሉ። ወንድሜ ይኸን ሲሰማ ምን አለ መሰለሽ? «ወንበሩ መደገፊያ ያለው ይሁን፣ ትከሻቸውን ያማቸዋል» አለ። ልብ የለውም የተባለው ልጅ። እኔ ብሆን... ተይኝ፣ እኔ የእሱን ያህል ደግ አይደለሁም።

ይኸው፣ አለቀ። ይልበሱት ጋሼ። እጅዎን ዘርጉት እስቲ... ወጣ። ትከሻውም ተስተካከለ፣ ዝቅ ማለቱ አይታወቅም። ልክዎ ሆነ፣ በእውነት።

እርስዎ እዚያ ስለሚውሉ ያን ሰው አያጧቸውም መቼም። ሲያገኟቸው ቂም የለንም ይበሉልኝ። ምርቃቴንም ያድርሱልኝ፦ ዕድሜና ጤና ይስጣቸው። ቅዳሜ ከሦስተኛው ዙር በኋላ ያለውን ሁሉ በደህና ዐይናቸው ያሳያቸው። ከዚያም ልጁ የሻምፒዮን ቀበቶውን ታጥቆ በሕዝብ መሐል ሲያልፍ፣ «ይኸን ልጅ እኮ ያሳደግሁት እኔ ነኝ» ብለው ሲናገሩ... የሚያምናቸው አንድ ሰው አያሳጣቸው። አሜን ይበሉ እንጂ ጋሼ።