አራቱ የካንዴላ ገመዶች

እግር ሰውን የት እንደሚጥለው አይታወቅም። የቴክኒክ ትምህርት ቤት ተማሪዋ ያን ቀን ከሰዓት በኋላ የወጣችው የእናቷን ብርድ ልብስ ከልብስ አጣቢው ቤት ልትቀበል ነበር፤ ስትመለስ ግን እስከ ክርኗ ዘይት ነክቷት ነበር። ልጅቱን ሰፈሩ «ለምንዬ» ይላታል፤ «ለምን» ሳትል ውሃ እንኳ አትጠጣምና። ልብስ አጣቢው ደግሞ ጋሽ ጽዱ ይባላሉ። የወጣላቸው ስም ሌላ ነው፤ እድፍ እንቅልፍ ለሚነሳው ሰው ግን ከዚህ የተሻለ ስም ከየት ይመጣል?

ጋሽ ጽዱ ግቢያቸው ውስጥ፣ ኮፈኗ በተከፈተ አሮጌ መኪናቸው ፊት፣ አገር እንደጠፋበት መንገደኛ ቆመዋል። ታላቅ እህታቸው በረንዳው ላይ ተቀምጠው አንድ ዓይናቸውን በመሐረብ ሸፍነዋል። ነገ ጧት ራቅ ካለ ሆስፒታል ሄደው የዓይን ሞራቸው ሊገፈፍላቸው ነው። ባለፈው መኪናዋ መንገድ ላይ እያነከሰች ስላዘገየቻቸው ተራቸው አልፏል፤ የዓይን ሐኪሙ ብቅ የሚለው አልፎ አልፎ ነው፤ በዚያ ሰዓት ወደዚያ የሚሄድ አውቶቡስም የለም። ነገ ካመለጠ ዓይኑ እስከ መቼ እንደሚጠብቅ የሚያውቅ አልነበረም።

ጋሽ ጽዱ ቁልፉን አዞሩት። መኪናዋ ሁለቴ አስነጠሰች፣ አንዴ በጭስ ማውጫዋ ተኮሰች፣ ዝም አለች።

«ጋሼ፣ ለምን ታስነጥሳለች?» አለች ለምንዬ ከበሩ ላይ ሆና።

«ብርድ መትቷት ይሆናል። የእናንተ ብርድ ልብስ ደርሷል፤ ይዘሽ ሂጂ።»

ብትሄድ ለምንዬ አትባልም ነበር። ጠጋ ብላ አንድ ባንድ ጠየቀቻቸው፤ እሳቸውም ሳይወዱ በግዳቸው ተናገሩ። መኪናዋ ሰሞኑን ስታነክስ አንድ ሰው ነዳጁን የሚለኩሰው ካንዴላዋ ቆሽሾ ይሆናል ብሏቸው ነበር። ነገሩ ቆሻሻ ከሆነማ ማን ሊቀድማቸው? አራቱንም ካንዴላ ፈቱ፤ ወደ ካንዴላው እሳት የሚወስዱትን አራቱንም ገመድ ባንዴ ነቀሉ። ካንዴላውን በብሩሽ ፈተጉ፣ ገመዱን በሳሙና አጥበው ልብስ ማስጫው ላይ በመቆንጠጫ አንጠለጠሉ፣ በፀሐይ አደረቁ፣ መለሱ። ከእድፏ ጋር እያነከሰችም ብትሆን ትሄድ የነበረችው መኪና፣ ስትጸዳ ጭራሽ ቆመች። ግራ ያጋባቸው ይኸው ነው። ዕድሜ ልካቸውን የታጠበ ነገር ሲሻለው እንጂ ሲብስበት አይተው አያውቁም።

ለምንዬ ገመዶቹን አየቻቸው። ያብረቀርቃሉ፤ እንደ ሰልፈኛም ተደርድረዋል።

«እንዴት አድርገው ነው የመለሷቸው?»

«በተርታቸው ነዋ! አንደኛው ቀጥሎ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ አራተኛው።»

«እሳቱ ግን በተርታ አይሄድም፤ እየዘለለ ነው የሚሄደው። ከአንድ ቀጥሎ ሁለት አይደለም።»

ጋሽ ጽዱ መኪናዋን ትክ ብለው አዩዋት። «ሞተር መቁጠር አይችልም ማለት ነው?»

«ካንተ ጋር ኖራ ከየት ትማር?» አሉ እህትየው ከበረንዳው።

ልጅቱ ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ ገመዶቹን ሳይነቅሉ በፊት ምልክት ያላደረጉበት ለምን እንደሆነ ጠየቀች። ሽማግሌው ቀና አሉ። የነካችው ሥር የሰደደ ልማድ ነበር።

«ልጄ፣ ምልክት የሚያደርግ በራሱ የማይተማመን ሰው ነው። የሠራተኛ እጅ ራሱ ያስታውሳል።»

«ታዲያ የእናቴ ብርድ ልብስ ጥግ ላይ የተሰፋው ቀይ ክር ምንድነው?»

«እሱ የሰው ንብረት ነው። የሰው ልብስ ከተለወጠ ስም ይጠፋል። ይህ ግን የራሴ ነው፤ ማን ይጠይቀኛል?»

«እህትዎ ናቸዋ። ነገ ዓይናቸውን ይዘው በእግር ሲሄዱ ይጠይቁዎታል።»

ሽማግሌው ወደ በረንዳው ገልመጥ አሉ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ በዚህ ዕድሜያቸው መካኒክ ፊት ቆመው ገመዱ የት ነበር ማለት እንዳሳፈራቸው ነገሯት። ስንቱን ቤት ያፈረሰው ይህ እፍረት ነው። ሰው አላውቅም ከሚል ሞተሩን ቢያቃጥል ይመርጣል፤ የተቃጠለውንም ሞተር «ድሮም አሮጌ ነበር» ብሎ ይቀብረዋል።

ለምንዬም የዚህችን መኪና የእሳት አካሄድ አታውቅም ነበር፤ ከሞተር ሞተር ይለያያል። በአንዳንዱ ሞተር ግን ቅደም ተከተሉ ብረቱ ላይ ተጽፎ እንደሚገኝ ተምራለችና ዘይቱ ይፈተግ አለች። ጋሽ ጽዱ የሚፈተግ ነገር ሲሰሙ ነፍሳቸው መለስ አለች። ብሩሽና ነጭ ጋዝ ይዘው ሞተሩን ሲፈትጉት፣ ከደረቀው ዘይት ሥር ቁጥሮች ብቅ አሉ፦ አንድ፣ ሦስት፣ አራት፣ ሁለት።

«ይህን ሁሉ ጊዜ እዚህ ተቀምጦ ነው? እኔ ጽዱ ተብዬ?»

እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለው ክዳን ላይ የአንደኛው ቦታ ምልክት አለ። ልጅቱ ከዚያ ተነስታ በሰዓት አቅጣጫ ገመዶቹን እንደ ቁጥሩ ሰካች፤ በኩራትም «አሁን ያዙሩት» አለች። መኪናዋ ተንዘፈዘፈች፣ ልትነሳ አንድ ሐሙስ ቀራት፣ ከበፊቱ በባሰ ተኮሰችና ሞተች።

«ተምራለች ብለውኝ» አሉ ጋሽ ጽዱ።

ለምንዬ ጆሮዋ ጋለ። አሁን ግራ የተጋቡት ሁለት ሆኑ። ደብተሯ ውስጥ ያለው ሁሉ ጭንቅላቷ ውስጥ ተተራመሰ። ክዳኑን ደጋግማ አገላበጠችው፤ በመጨረሻ ወደ ሽማግሌው ዞረች።

«ጋሼ፣ እኔም እንደ እርስዎ ነው ያደረግኩት። ክዳኑ ውስጥ እየዞረች እሳቱን የምታድለው ምላስ በየት በኩል እንደምትዞር ሳላይ ገመትኩ።»

ይህ ቃል ከትምህርቷ ሁሉ ይልቅ ሽማግሌውን ገዛቸው። ልጅ ሆና፣ በአዋቂ ፊት፣ ተሳሳትኩ ብላ አልሞተችም። ክዳኑን ከፍተው እሳቸው ቁልፉን ለቅጽበት ሲያዞሩ እሷ አየች፤ ምላሷ የምትዞረው በተቃራኒው ነው። ገመዶቹን ነቅላ በዚያው በኩል መልሳ ልትሰካ ስትል ጋሽ ጽዱ እጇን ያዙ። ገብተው የክር ሳጥናቸውን አመጡ፤ በየገመዱ ላይ አንድ ቋጠሮ፣ ሁለት ቋጠሮ፣ እስከ አራት ድረስ ራሳቸው አሰሩ።

ገመዶቹ ተሰክተው ቁልፉ ሲዞር ሞተሩ ያለ አንዳች ማነከስ ተነሳ።

«ተነሳች ወይስ ጆሮዬንም ሞራ ያዘው?» አሉ እህትየው።

ጋሽ ጽዱ እጃቸውን እየጠረጉ፣ ለልጅቱ ሳይሆን ለራሳቸው በሚመስል ድምፅ፣ ያን ቀን የገባቸውን ተናገሩ። ንጽሕና ጥሩ ነው፤ ግን የፈቱትን በቦታው ካልመለሱ ማጠብ ማፍረስ ነው። አንዱን ፈትቶ ያንኑ መልሶ ወደሚቀጥለው የሚሄድ ሰው ራሱንም ዕቃውንም ያድናል። ክር ርካሽ ነው፤ ያለፈ ተራ ግን በምንም አይገዛም። የጠየቀ ሰው የሚያፍረው ያችን ደቂቃ ብቻ ነው፤ ያልጠየቀው ግን ሞተሩ ባስነጠሰ ቁጥር ያፍራል። ለምንዬም አንድ ነገር ጨመረች፤ ቁጥር ማወቅ ብቻ አይበቃም፣ ከየት ወዴት እንደሚቆጠር ማየት ያስፈልጋል።

በማግስቱ ሆስፒታል ደረሱ። አንድ ወጣት ነርስ መጣና የቱ ዓይን እንደሆነ እህትየውን ጠየቀ፤ መዝገቡን አየ፤ እንደገና ጠየቀ፤ ከዚያ ከቅንድባቸው በላይ በቀለም ቀስት ሣለባቸው። እሳቸው ተቆጡ። ነርሱ ሲወጣ ወደ ወንድማቸው ዞሩ።

«ምን ዓይነት ቤት ነው ያመጣኸኝ? የታመመውን ዓይን እንኳ አያውቁም?»

ጋሽ ጽዱ ጎንበስ ብለው ቀስቱ በታመመው ዓይን በኩል መሆኑን በራሳቸው ዓይን አረጋገጡ።

«ተይ እትዬ» አሉ። «ምልክት ያደረገብሽ ስለማያውቅ መሰለሽ? ስላልናቀሽ ነው።»