መርዶ መስሎ የተነገረ የጀልባ ውድድር

ሰኞ ረፋድ ላይ አቶ ዳኛቸው በአውሮራ ከተማ ሃቫና ጎዳና ላይ ካለው የሐበሻ ሱቅ ፊት ለፊት ቫናቸውን ፓርክ አድርገው ሲወርዱ፣ ከወይዘሮ አልጣሽ ጋር ግንባር ለግንባር ተገናኙ። ወይዘሮ አልጣሽ ጥቁር ሻሽ አስረዋል፤ በሁለት እጃቸው በፎጣ የተጠቀለለ ድስት ታቅፈዋል።

«አንተ ሰው፣ እስካሁን ለቅሶ አልደረስክም?» አሉ፣ ሰላምታውን ዘለው።

«የማን ለቅሶ?»

«የመድሃኒት ልጅ ነዋ! ያ ለግላጋ፣ ሰመረኣብ!»

አቶ ዳኛቸው የቫኑን በር ተደገፉ። «ኧረ በስመ አብ! መቼ? ማን ነገረሽ?»

«ማን ነገረሽ ይለኛል! አንተው ራስህ በሬዲዮህ ነዋ የነገርከን! እኔማ ሌሊቱን ሙሉ ዓይኔ አልተከደነም።»

ሰው ራሱ ያወራውን ወሬ ከሌላ ሰምቶ ሲደነግጥ ማየት ብርቅ ነው። አቶ ዳኛቸው በሥራ ቀን የኤርፖርት መንገደኛ ያመላልሳሉ፤ እሑድ ከሰዓት በኋላ ግን አንድ ሰዓት ሙሉ በማኅበረሰቡ ሬዲዮ የስፖርት አዘጋጅ ናቸው። ድምፃቸው እንደ ጉድጓድ ውሃ የጠለቀ ነው። የእግር ኳስ ውጤት ሲያነቡ እንኳ አድማጭ «ማን ሞተ?» ብሎ ማንኪያውን ያስቀምጣል። ትናንት ስለ ሰመረኣብ አንድ ነገር ማንበባቸውን ያስታውሳሉ። ሞተ ማለታቸውን ግን አያስታውሱም። ቢሆንም ወይዘሮ አልጣሽ እንደዚህ እርግጠኛ ሆነው እያዩአቸው «አላልኩም» ማለት ከበዳቸው። «ምናልባት ብዬ ይሆናል» ሲሉ አሰቡና፣ ሱቅ ገብተው ለለቅሶ ቤት የሚሆን አንድ ካርቶን የታሸገ ውሃ ገዝተው ወደ ግሪን ቫሊ ራንች ሰፈር ነዱ።

የወይዘሮ መድሃኒት ቤት በራፍ ላይ ጫማ ተከምሯል። ወንዶቹ ጋራዡ ውስጥ በታጣፊ ወንበር ተደርድረው አንገታቸውን ደፍተዋል። አቶ ዳኛቸው ካርቶኑን ሳሎኑ መሐል አስቀምጠው፣ መሐረባቸውን አውጥተው እንባቸውን መጥረግ ሲጀምሩ፣ ጠረጴዛው ላይ ከተቀመጠ ስልክ፦

«ጋሼ ዳኛቸው ናቸው እንዴ የመጡት? ደህና ነዎት ጋሼ?» አላቸው ሟቹ።

አቶ ዳኛቸው ወደ ስልኩ አዩ። ወደ ሴቶቹ አዩ። ማንም አልሳቀም።

«ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ። «አንተስ?»

«እኔማ ምሳ እየበላሁ ነው።»

«ታዲያ ምኑ ነው የሚለቀሰው?»

ወይዘሮ መድሃኒት ከሶፋው ተነሡ። «መሞቱ ውሸት ሆነ፣ ዳኛቸው ወንድሜ። ባሕር ላይ በሮኬት መጋለቡ ግን እውነት ነው አሉኝ! እኔ ፍሎሪዳ ሄዶ የጀልባ ሞተር ይጠግናል፣ መሬት ላይ ቆሞ ይሠራል ብዬ ነው እስከ ዛሬ በሰላም የተኛሁት።»

«እማዬ» አለ ስልኩ፣ «ያንቺን ምርቃት ሳላገኝ የፊታችን እሑድ ለውድድር አልወጣም፤ ቃሌ ነው። ግን ካልወጣሁ ቡድኑ ቦታዬን ለሌላ ሰው ይሰጠዋል። ይህን ወንበር ለማግኘት ስንት ዓመት እንደለፋሁ ብታውቂ…»

«ይስጡታ! ለሚፈልግ ይስጡት!» ብለው ወይዘሮ መድሃኒት ስልኩን ዘጉት።

በዚህ ጊዜ የሰመረኣብ እህት ኣሪያም አቶ ዳኛቸውን በክንዳቸው ይዛ ወደ ጓሮ አወጣቻቸው። ኣሪያም በልጅነቷ መጥታ እዚሁ አውሮራ ያደገች፣ ኮሌጅ የሚዲያ ሥራ የተማረች፣ አሁን ከቤቷ ሆና የወንድሟን ቡድን ዜና የምታሰራጭ ልጅ ናት።

«ጋሼ፣ እኔ የላክሁልዎት እኮ የውድድር ዜና ነው። ምን ብለው ነው ያነበቡት?»

አቶ ዳኛቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «‹የማኅበረሰባችን ልጅ፣ ወንድማችን ሰመረኣብ፣ በፍሎሪዳ ጠረፍ በጀልባ ወደ ባሕር ወጥቷል። እናቱንና እህቱን ፈጣሪ ያበርታልን። ሁላችንም በጸሎት እናስበው።› ከዚያ ዋሽንት።»

«ዋሽንት!»

«አጭር ዋሽንት ናት።»

«ጋሼ፣ በየሳምንቱ በሜዲትራኒያን ስለሚሰጥሙ ልጆች በምንሰማበት ዘመን ‹በጀልባ ወደ ባሕር ወጥቷል› ብለው ዋሽንት ሲለቁ፣ ሰው ምን ይምሰለው?»

አቶ ዳኛቸው ይህን አላሰቡትም ነበር። አለማሰባቸውን ግን ወዲያው ማመን አልፈለጉም፤ የሬዲዮ ሰው ናቸውና። «እኔ በጸሎት አስቡት አልኩ እንጂ ሞተ አላልኩም።»

«ጉዱ እዚያ ላይ ነው! እኛ ቤት መርዶ መቼ በቀጥታ ይነገራል? ‹ትንሽ አሞት ነበር› ከተባልን ሰውዬው ከተቀበረ ሰንብቷል ማለት ነው። ክፉ ወሬ በቀጥታ ስለማይነገረን፣ በቀጥታ ያልተነገረን ሁሉ ክፉ ወሬ ይመስለናል።»

«ታዲያ ምን ልበል? ‹ሊገለበጥ ይችላል› ልበል? እናት እየሰማች? ነውር ነው ልጄ!»

«አዎ፣ ይበሉ። ቢገለበጥ ምን እንደሚደረግ ደግሞ አብረው ይንገሩ።»

«ጆሮ አይሰማው የለ!» አሉ አቶ ዳኛቸው፣ እያማተቡ። «ለነገሩ ይሄ ምኑ ስፖርት ነው? ስፖርት ሩጫ ነው፣ ኳስ ነው። ይሄ የሀብታም ጨዋታ። ደግሞስ አንቺ ራስሽ ምን ላክሽልኝ? የሞተሩ የፈረስ ጉልበት፣ የጀልባው ርዝመት፣ የዘይቱ ፋብሪካ ስም። ፎቶው ላይ ውሃና አረፋ እንጂ ሰው የለም። ወንድምሽን ፍለጋ መነጽር ቀየርኩ።»

«ውስጥ ነው ጋሼ፤ ጀልባው ካኖፒ አለው፣ ይከደናል።»

«ታዲያ በክዳን ውስጥ ያለ ሰው ማን ያውቅለታል? የድስት ክዳን ሳይከፍቱ ወጡን አድንቁ ማለት እኮ ነው።»

እዚህ ላይ እውነቱን መናገር ይገባል፤ የተማረው ሁሉ ትክክል፣ ያልተማረው ሁሉ ስሕተት አይደለም። ኣሪያምም ሆነች ቡድኑ የሚያሰራጩት ለሚያውቅ ሰው ብቻ ነበር። ዜናው ውድድሩ ካለፈ በኋላ ይወጣል፤ ቪዲዮው ጩኸትና ሙዚቃ ነው፤ ማን ከማን ጋር እንደሚፎካከር፣ ተመልካች ዓይኑን የት እንደሚጥል የሚናገር የለም።

«እውነትዎን ነው» አለች። «እኔም አበላሽቻለሁ።»

ሽማግሌ የረታ ሲመስለው ለስለስ ይላል። «ለመሆኑ ወንድምሽ ሾፌር ነው?»

«አይደለም። መሪውን የሚይዘው ሌላ ሰው ነው። ሰመረኣብ ነዳጅ ሰጪ ነው።»

«ማደያ ላይ?»

«ኧረ ጋሼ! እዚያው ጀልባው ውስጥ፣ ጎን ለጎን ተቀምጠው። አንዱ መሪ ይይዛል፣ አንዱ ነዳጅ ይሰጣል።»

አቶ ዳኛቸው ግራ ገባቸው። ሃያ ዓመት ነድተዋል፤ እንዲህ ያለ ነገር ሰምተው አያውቁም። «አንዱ ያዞራል፣ አንዱ ይረግጣል? ባለቤቴ ምንትዋብ አጠገቤ ተቀምጣ በአፏ ትነዳለች፤ ፔዳሉን ግን እስካሁን አልቀማችኝም። ለምን አንድ ሰው አይበቃውም?»

«ሞገድ ስላለ። ጀልባው ሲዘል ከኋላ የሚገፋው ፕሮፔለር ከውሃ ይወጣል። ያን ጊዜ ነዳጁ ካልተቀነሰ ሞተሩ በባዶ ይጮህና ይሰበራል። ውሃው ላይ ሲያርፍ ደግሞ መልሶ መስጠት ነው። መሪ የያዘው መንገዱን ያያል፤ ሰመረኣብ ሞገዱን ያነባል።»

አቶ ዳኛቸው ቀኝ እግራቸውን ሳያውቁት ሣሩ ላይ ከፍ ዝቅ አደረጉ። «የኤርፖርቱ መንገድ፣ ፔንያ ቡሌቫርድ፣ በረዶ ሲይዝ፣ ጎማው ሲንሸራተት እግሬን እንደማቀልለው… መንገዱን ሲቆነጥጥ ደግሞ ቀስ ብዬ እንደምጫነው?»

«ይኸው! ይሄን ነው በሬዲዮ ማለት ያለብዎት! ግማሹ አድማጭዎ ሾፌር ነው እኮ። ሩጫንስ ቢሆን ማን አስወደደን? ዙር እየቆጠረ፣ ከኋላ ማን አፈትልኮ እንደመጣ የሚነግረን ሰው ነው እንጂ፣ ክብ እየዞሩ መሮጥ ለብቻው ምን ይጥማል?»

«እናትሽስ?»

«እማዬ የምትፈራው የማታየውን ነው። እሑድ የእርስዎ ሰዓት ሲጀምር ለውድድሩ ግማሽ ሰዓት ይቀረዋል። እባክዎ ጋሼ፣ እርስዎ ያበላሹትን እርስዎ ያቃኑት።»

አቶ ዳኛቸው ሳምንቱን በሙሉ መንገደኛ ባመላለሱ ቁጥር «መሪ ያዥ፣ ነዳጅ ሰጪ» እያሉ ሲያጉተመትሙ፣ ከኋላ የተቀመጡት ፈረንጆች ቀበቷቸውን ይፈትሹ ነበር።

እሑድ ደረሰ። ሬዲዮ ጣቢያው ከአንድ የታክስ ቢሮ ጀርባ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ኣሪያም ላፕቶፗን ከፍታ የፍሎሪዳን ባሕር በቀጥታ አመጣችው። አቶ ዳኛቸው ዋሽንቱን ተዉትና ሰመረኣብን በስልክ አስገቡት። ስለ ፈረስ ጉልበት አልጠየቁትም። አሁን የት ቆመሃል፣ ምን ለብሰሃል፣ አጠገብህ ያለው ማን ነው አሉት። እሱም ከወደቡ ዳር መቆሙን፣ ሄልሜቱን በብብቱ መያዙን፣ መሪ የሚይዘው ጓደኛው ጫማውን ሁለቴ እያሰረ መሆኑን ተናገረ። «ምርቃት ካገኘሁ እገባለሁ፤ ካላገኘሁ እዚሁ ቆሜ አያለሁ» አለ።

ሌላኛው ስልክ ጮኸ። ወይዘሮ መድሃኒት ነበሩ፤ እሳቸውንም አየር ላይ አስገቧቸው።

«ዳኛቸው፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሳትሸነግለኝ መልስ። ቢገለበጥስ?»

የአቶ ዳኛቸው አንደበት የለመደውን ሊል ተንደረደረ፤ ‹ኧረ ተይ፣ ክፉ አታውሪ፣ ምንም አይሆንም› ሊል። ኣሪያም ዓይኗን ተከለችባቸው። አቶ ዳኛቸው ወደ ማይኩ ጠጋ አሉ።

«ሊገለበጥ ይችላል፣ እትዬ መድሃኒት» አሉ። «ከዚህ በፊት የተገለበጡ አሉ፤ የሞቱም አሉ፤ አልዋሽሽም። ስለዚህ ነው ልጅሽ በወንበሩ በቀበቶ የሚታሰረው። ውሃ ውስጥ የሚተነፍስበት አየር አጠገቡ አለ። ተገልብጦ እንዴት እንደሚወጣ ገንዳ ውስጥ ተለማምዶ ተፈትኗል። ከላይ ሄሊኮፕተር ይከተለዋል፤ ውስጡ ዘለው የሚገቡ ጠላቂዎች አሉ። አደጋ የለም አልልሽም። ሳይዘጋጅ የሚገባ ግን የለም።»

አቶ ዳኛቸው ጨርሼ አጠፋኋት ብለው ላባቸውን ጠረጉ።

«እንደሱ ንገሩኝ እንጂ» አሉ ወይዘሮ መድሃኒት። «ሳምንቱን ሙሉ ‹ምንም አይደለም፣ ምንም አይደለም› ስትሉኝ እኮ ነው ሬሳውን ያየሁት። ሰመረ፣ ትሰማኛለህ? ግባ። ጌታ ከፊትህ ይቅደም። ያንን መሪ ያዥ ግን ጫማውን አንዴ አጥብቆ ይሰር በለው!»

ውድድሩ ተጀመረ። አቶ ዳኛቸው «ቢጫዋን ጀልባ ተከተሉ! ከሰማያዊዋ ጋር ትከሻ ለትከሻ ናት፤ አሁን ዘለለች፣ ሰመረኣብ እግሩን አቀለለ፣ አረፈች፣ ተጫነ!» እያሉ ጮኹ። እጁን ማለታቸው ነበር፤ ነዳጁ የሚሰጠው በእጅ ነውና። ማንም አላረማቸውም፤ ሾፌሩ ሁሉ ገብቶታል። ቀጥሎ «ቢጫዋ መራች!» አሉ። ኣሪያም ጆሯቸው ላይ «ጋሼ፣ የቀደመቻት ያቺ በአንድ ዙር ወደ ኋላ የቀረች ናት» አለች። «ይቅርታ አድማጮቼ፣ ተሳስቻለሁ፤ ገና ሁለተኛ ናት» አሉ። በዚያ ሬዲዮ ስሕተት በዚያው ደቂቃ ሲታረም ይህ የመጀመሪያው ነበር።

አምስተኛው ዙር ላይ ቢጫዋ ጀልባ ጭስ አወጣችና ቆመች። አቶ ዳኛቸው ድምፃቸውን ወደ ጉድጓዱ ሊመልሱት ሲሉ ያዙት። «ቆማለች። ሞተር ነው የተበላሸው። ክዳኑ ተከፍቷል፤ ሁለቱም ቆመው እጃቸውን እያወዛወዙ ነው። ሰመረኣብ ደህና ነው።»

ከስልኩ ማዶ እልልታ ቀለጠ። ልጇ ስለተሸነፈ እልል ያለች እናት በስፖርት ታሪክ መኖሯን አቶ ዳኛቸው እርግጠኛ አይደሉም።

ሰዓታቸው ሊያልቅ ሲል ማይኩን ጠጋ አድርገው እንዲህ አሉ፦ «ወገኖቼ፣ ባለፈው ሳምንት ያስለቀስኳችሁ እኔ ነኝ። አሁን የገባኝን ልንገራችሁ። ወሬ ከነገሩ በፊት ሲነገር ሰው ተዘጋጅቶ ይጠብቃል፤ ካለፈ በኋላ ሲነገር ይደነግጣል። ማሽኑን ስታወራለት ያዛጋል፤ ሰውየውን ስታሳየው ይቆማል። ስጋቱን ስትደብቀው አሥር እጥፍ አድርጎ ይስለዋል፤ መከላከያውን ጨምረህ ስትነግረው ይጸልያል፣ ይመርቃል፣ ይደግፋል። ባሕር የሌለበት ከተማ ተቀምጠን ዛሬ የባሕር ውድድር አየን። ልጆቻችን በማናውቀው መስክ ሲገቡ ብቻቸውን የሚቀሩት እኛ ስለጠላናቸው አይደለም፤ የሚያስረዳን ስላጣን ነው። ከእንግዲህ እኔና ኣሪያም እናስረዳለን። ደህና ሁኑልኝ።»

ማይኩን ዘጉ። ኣሪያም አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። እንደዚያ ሆነው ሳለ ስልኩ እንደገና ጮኸ፤ ወይዘሮ መድሃኒት ናቸው፣ ድምፃቸው የተቆጣ ነው።

«ዳኛቸው፣ ምን ዓይነት ጋዜጠኛ ነህ? ልቤን አንጠልጥለህ፣ ምክርህን መክረህ ዘግተህ ትሄዳለህ? እኔና አልጣሽ እዚህ ልንጣላ ነው። ለመሆኑ ማን አሸነፈ?»

አቶ ዳኛቸው ወደ ኣሪያም ዞሩ። ኣሪያም ወደ ላፕቶፑ ዞረች። ሁለቱም የቆመችውን ቢጫ ጀልባ ሲያዩ ሌላውን ረስተውታል።

«አንድ ደቂቃ፣ እትዬ መድሃኒት» አሉ አቶ ዳኛቸው፣ ማይኩን እየከፈቱ፣ «ስልኩን እንዳትዘጊው።»